ኮኩን ማን ጋገረው

የጣሳ ኮክ ጋግሮ ለመብላት ብዙ ሙያ አያስፈልግም። ጣሳውን መክፈት፣ የስኳር ውሃውን ማጥለል፣ ፍሬዎቹን ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርጎ መደርደር፣ ፍርኖ ዱቄትና ስኳር በቅቤ አሽቶ ከላይ መበተን፣ ከዚያ እሳት። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጥኩት እኔ እንኳ ልጄ ከጻፈችልኝ ወረቀት ላይ ባንድ ጠዋት አንብቤ ጨርሼዋለሁ። በእንዲህ ያለ ቀላል ነገር የአንዲት ሴት እንጀራ ይዘጋል ብሎ ማን ያስባል? እኔ ግን ዘግቻለሁ።

ሀርጌሳ የሄድኩት ልጄን ተከትዬ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ቀጥሯት፣ ባሏም ለሥራ ሌላ አገር ስለነበር፣ ሁለቱን ልጆቿን የሚይዝላት ሰው አጣች። ከተማዋ ያን ጊዜ ከጦርነቱ በኋላ እንደ አዲስ በመሠራት ላይ ነበረች። በስተቀኛችን ያለው ቤት ጣሪያ የለውም፤ በስተግራችን ያለው ደግሞ ጣሪያው የሚያብረቀርቅ አዲስ ቆርቆሮ ሆኖ ግድግዳው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ጠዋት የሚቀሰቅሰን አዛን ነው፤ ከዚያ እስኪመሽ መዶሻ።

ኮክ እኔ ባደግኩበት በሐረርጌ ደጋ ዛፍ ላይ የሚያፈራ፣ ገና ሳይበስል ልጆች አርግፈው የሚጨርሱት ጠንካራ ፍሬ ነው። ሀርጌሳ ግን በበርበራ በኩል በመርከብ፣ በጣሳ ይመጣል፤ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ለሁለት ተከፍሎ በስኳር ውሃ የሚዋኝ። ልጄ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ቤት ተጋግሮ በላችና አሠራሩን ከኦፊስ ባመጣችው ወረቀት ጀርባ ጻፈችልኝ። የመጀመሪያው ቃል «ኦቨን አሙቂ» ይላል። ኦቨን የለንም። ትሪውን በድስት ውስጥ አድርጌ ከሰል ላይ ጣድኩት። ከታች ከሰለ፣ ከላይ ዱቄቱ እንደ ዱቄት ቀረ። ልጆቹ ከመሃል ከመሃል እየፈለጉ በሉ።

ልብስ የምታጥብልን ሴት ግቢ ውስጥ ሆና ይህን ሁሉ ታይ ኖሯል።

«እማማ፣» አለችኝ፣ «እሳቱን ከታች ብቻ ካደረጉት ከላይ ማን ያበስለዋል?»

ዕድሜዬን ሙሉ ድፎ ዳቦ በላይና በታች እሳት ስጋግር የኖርኩ ሴት ነኝ። ኦቨን የሚል ቃል ወረቀት ላይ አይቼ እጄ ተያዘ።

ሴትዮዋ ሠላሳዎቹን የተሻገረች፣ አንዲት ልጅ የምታሳድግ ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽታ፣ ከመጠለያው ወጥታ ጅጅጋ ሰው ቤት ስታገለግል ቆይታለች። አማርኛዋን እዚያ ስለተማረችው አንቱታዋ ከኔ ልጆች አንቱታ የተሻለ ነበር። እጆቿ በሳሙና ዱቄት ተሰነጣጥቀው፣ ነጭ ልብስ ባጠበች ቀን አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ እየተዉ እንደገና ታጥበዋለች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣሪያ ሥር፣ ደረቅ እጅ ይዛ የምትሠራው ቋሚ ሥራ። ይህን የነገረችኝ እኔ ጠይቄያት ነው፤ እሷማ የምታወራ ሴት አልነበረችም።

በሳምንቱ አንድ የብረት ሳጥን በጀርባዋ አዝላ መጣች። ወንድሟ ከተዘረጋ የዘይት በርሜል ቀጥቅጦ የሠራው ነው። በር አለው፤ አናቱ ላይ ፍም የሚይዝ ጠርዝ አለው፤ በጎኑ የበርሜሉ ጽሑፍ ግማሹ ይነበባል። ከሰል ምድጃው ላይ አስቀመጥነው፣ በአናቱም ፍም ደረደርን። ትሪው ሲወጣ ላዩ እንደ ቆሎ ተጠብሷል። ከዚያ ወዲያ ኮኩ የኔ መሆኑ ቀረ። እኔ ቅቤውን በማንኪያ ነበር የማሸው፤ እሷ በጣቶቿ ጫፍ አሸዋ እስኪመስል ትፈትገዋለች። የተሰነጠቀ እጇን ቅቤው ያለሰልስላት ነበርና ያንን ሥራ አትቸኩልም። ሄል ወቅጣ ጨመረችበት። የምንደፋውን የስኳር ውሃ በሌላ ድስት አፍልታ እንደ ማር ካወፈረችው በኋላ ትኩሱ ላይ አፈሰሰችው። በወረቀቱ ላይ ይህ አልተጻፈም።

ወንድምሽ የት ነው የሚሠራው ብዬ የጠየቅኳት ሳጥኑን ወድጄው ነው። ልጆቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዳሚ» አለችኝ። እኔ እስከዚያ መሐመድ ሞጌ የሚባለው ሰፈር ሰው ትመስለኝ ነበር፤ ለሁሉም የምትለውም እንደዚያ ነው። ሚኒባስ እንኳ የምትሳፈረው ከዳሚ በእግሯ ከወጣች በኋላ ዞራ ነው፣ ከየት እንደመጣች ሰው እንዳያይ።

ዳሚ ከሀርጌሳ ድሃ ሰፈሮች አንዱ ነው። እዚያ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ጫማ የሚሰፉ፣ ፀጉር የሚቆርጡ ሰዎች ይኖራሉ። ሌላው ሰው የሠሩትን ይገዛል፤ ነገር ግን አይጋባቸውም፣ እጃቸው የነካውን ምግብ የማይቀምስም አለ። ለኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያሻኝም። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ሁሉም እኩል ካልሆነ የሚለው አመሌ ባሰብኝ። ኮኩን ስናካፍል ለሁሉም እኩል ነው፤ ቢተርፍ በቢላ እከፍለዋለሁ እንጂ ለማንም አላዳላም። እሷ ድርሻዋን ማድ ቤት ቆማ መብላት ትወዳለች። እኔ ግን ከልጆቹ ጎን ካልተቀመጥሽ አልኩ።

«እማማ፣ ቆሜ ብበላ ይሻለኛል።»

«ለምን? ቤቴ ውስጥ ቆሞ የሚበላ የለም።»

ተቀመጠች። ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ በሩን እያየች ቶሎ ቶሎ ዋጠችው። እኔ ፍትሕ የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

አከራያችን ድሬዳዋ ያደገች የሀርጌሳ ልጅ ነበረች፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ በድሬዎች ደንብ ትልቁንም ትንሹንም አንቺ የምትል። ከአየር ማረፊያው መንገድ ላይ ገስት ሀውስ ልትከፍት ቤቱን እያስጠገነች ነበር። ዳቦና ጣፋጭ የምትሠራላት ሴት እንደምትፈልግ ልጄ ሰማችና ለአጣቢያችን ነገረቻት። ልብስ ከምታሰጣበት ገመድ ላይ እጇ ቆመ። ሲደርቅ የነበረውን ልብስ መልሳ ባልዲ ውስጥ ከተተችው፤ ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር።

ነገሩን ያሰበችበት ልጄ ናት። አከራያችን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሻይ ልትጠጣ ትመጣለች፤ ኮኩ ይቀርባል፤ ከወደደችው የጋገረችው ይቺ ናት ይባላል። አጣቢያችን ከጠዋት ጀምራ አልተቀመጠችም። ከሰሉን ራሷ መርጣ ገዛች። ማድ ቤት ሁለታችን ብቻ ስንሆን እጄን ያዘችኝ።

«እማማ፣ ሠፈሬን አይጥሩብኝ።»

«እኔ ካልተጠየቅኩ ምን አስለፈለፈኝ?»

«ቢጠየቁም።»

እሺ አላልኳትም። እምቢ ብዬም አልመለስኩላትም። እህ ብዬ ፍሙን አራገብኩ። እሷ እሺ ያልኳት መሰላት።

አከራያችን መጣች፣ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«አቦ እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ኮክ ነው።»

«ኮክነቱንማ አየሁት። ላዩ ላይ ያለውን ነው እንጂ። በአላህ እጅሽ ይባረክ። እነዚህን ልጆች ተያቸውና እኔ ጋ ነይ፤ አንቺን ነው የምቀጥረው።»

«የሷ ደመወዝ ጭቅጭቅ ነው፣ ትችያለሽ?» አለች ልጄ። ሳቁ። ሌላ ግማሽ ኮክ ተጨመረላት። የሌላ ሰው ምስጋና ተቀብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፤ እዚህ ድረስ አሁንም ጥፋት አይታየኝም።

«እጁ የኔ አይደለም፤ የጋገረችው እሷ ናት» ብዬ በሩ ጋ ወደ ቆመችው አጣቢያችን አመለከትኩ።

«ማሻአላህ። ነይ እስቲ ቅረቢ። ከወዴት ነሽ?»

«ከመሐመድ ሞጌ» አለች።

አከራያችን በሶማሊኛ የማን ልጅ ነሽ አለቻት። በዚያ አገር እንግዳ ሰው ሲተዋወቅ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ይቆጠራል፤ ሁለት ሰው የት ላይ እንደሚገናኝ በዚያ ይታወቃል። የኔ ሶማሊኛ ከገበያ የማያልፍ ነበር፤ የአባት ቆጠራ ግን በማንኛውም ቋንቋ ይገባኛል። አጣቢያችን መቁጠር ጀመረች። አባቷን ጠራች። አያቷን ጠራች። ድምፅዋ ትምህርት ቤት በቃሉ እንደሚወጣ ልጅ ነበር። የኋላ የኋላ እንደገባኝ፣ የጎረቤት አባቶች ተውሳ ሌሊቱን ስታጠና ነው ያደረችው። አከራያችን ሻይዋን እየጠጣች ራሷን ትነቀንቃለች፤ ደንብ ነውና ጠየቀች እንጂ ያን ያህልም አታዳምጣትም። ሦስተኛው አባት ላይ አጣቢያችን ተደናቀፈች።

እኔ እዚያ ተቀምጬ ያንን ማየት አልቻልኩም። ሰው ለአንድ ትሪ ኮክ የሌላ ሰው አያት ሲለምን።

«ምን ያስጨንቃታል?» አልኩ። «ዱቄት ለማሸት የዘር ቆጠራ ምን ያደርጋል? ከዳሚ ናት። ዳሚ ምን አላት? የጋገረችበትን ሳጥን የቀጠቀጠውም ወንድሟ ነው። ከበላሽው ውስጥ የዳሚ እጅ ያልነካው ጣሳው ብቻ ነው።»

ልጄ «እማዬ» አለች፣ ቀስ ብላ።

አከራያችን አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ እኔም የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር። ማንኪያዋን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፤ ግማሹ ኮክ ገና አልተነካም። «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» አለች። ስለ ቧንቧው፣ ስለ አጥሩ ትንሽ አወራች። ስትወጣ እስከ በሩ ተከተልኳት።

«የኔን፣ የክርስቲያኗን እጅ በልተሽ ልትቀጥሪኝ ነበር። አብራሽ የምትሰግደዋ ናት የምታስጠላሽ?»

«አላስጠላችኝም እማማ። ስበላ አላየሽኝም?» ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ነገ ትሄጃለሽ፤ አንቺን ማንም አይቆጥርሽም። እኔ ግን እዚህ ነኝ። ዝም ብትይ እቀጥራት ነበር። ገስት ሀውሴ ያረፈ ሰው የማን ልጅ ናት ሲለኝ አላውቅም እላለሁ፤ እውነትም አላውቅም። አሁን በልጅሽ ፊት፣ በሷ ፊት ነገርሽኝ። አላውቅም ብል ማን ያምነኛል?»

ተመልሼ ስገባ አጣቢያችን ብርጭቆዎቹን አጥባ እያደረቀች ነበር። ትሪውን ፈገፈገች። የአከራያችንን ሳህን ግን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ተወችው፤ ልጆቹም አልጠየቁም። ኮክ በቢላ እየተከፋፈለ በሚበላበት ቤት፣ ያንን ግማሽ ፍሬ ልጄ ማታ ቆሻሻ ላይ ደፋችው። ሴትዮዋ ሻሿን አሰረችና በሩ ጋ ቆመች።

«እማማ፣ ሦስተኛው ላይ ደርሼ ነበር እኮ» አለችኝ። ከዚያ ሄደች።

ልጄ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። በአራተኛው ቀን እኔው ጀመርኩ።

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«ያንቺ አልነበረማ እማዬ። እንድትደብቂላት ነበር የነገረችሽ።»

አጣቢያችን ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ልብሱን እኔ አጠብኩ። ሦስት ሳምንት ጠብቄ፣ አንድ ጠዋት እየጠየቅኩ ዳሚ ሄድኩ። ቤቶቹ ከጨርቅ፣ ከቆርቆሮ፣ አንዳንዱም ከድንጋይ የተሠሩ ናቸው። በየደጁ ብረት ይቀጠቀጣል፤ የከተማው ጣሪያ ሁሉ ማጠፊያና መንጠልጠያ የሚወጣው ከዚያ ነው። እሷን አገኘኋት። ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ምንጣፍ አነጠፈችልኝ፣ ወተት የገባበት ሻይ ሰጠችኝ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችኝ። እኔ ይቅርታ መጠየቅ አልለመድኩም። በዚያ ፈንታ ታሪክ ነገርኳት።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የቀጥቃጭ ልጅ አብራን ትማር ነበር። ማንም አጠገቧ አይቀመጥም፤ የኋላው ወንበር ላይ ብቻዋን ናት። እኔ ደብተሬን ይዤ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እናቴ ሰምታ ገረፈችኝ። በማግስቱ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እንደገና ተገረፍኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፣ ለክፋት አልነበረም፣ ልላት ፈልጌ ነው።

ሻይዋን አማሰለች።

«እርስዎ ተገረፉ። ልጅቷስ?»

«የትኛዋ?»

«የቀጥቃጩ ልጅ። እርስዎ አጠገቧ ሲቀመጡ እሷ ምን ሆነች?»

ማስታወስ ነበረብኝ። ስድሳ ዓመት ገደማ ይህን ታሪክ ስናገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ልጅቷ ከዚያ ሳምንት በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣችም። የወላጆች ስብሰባ እንደነበር፣ እናቴም ከሴቶቹ ጋር እንደሄደች አስታውሳለሁ። ወንበሩ ባዶ ሆነ። እኔ የማስታውሰው ግን ሁልጊዜ ግርፊያውን ነበር።

«መምጣት ተወች» አልኳት።

«አዎ» አለች። አልገረማትም።

ሻዩ ቀዘቀዘ። ሳታየኝ፣ የብርጭቆውን ጠርዝ በሻሿ እየጠረገች ተናገረች። «እማማ፣ ልለምንዎት። ሌላ ቤት ይዣለሁ፣ ራቅ ያለ ነው። ልብስ ነው። እዚያ እስከ ስድስተኛው ቆጥሬላቸዋለሁ፣ አልተሳሳትኩም። እርስዎን ደግሞ ብዙ ሰው ያውቅዎታል፤ የኛ ሰው ቤት ሲገቡ ያየ ይጠይቃል። ከእንግዲህ እዚህ አይምጡ። ገበያም ብንገናኝ አያውቁኝም።»

«ሰላምታም?»

«ሰላምታም።»

እሺ ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ። በዚህኛው ግን እህ ብዬ አላለፍኩም፤ ቃሌን ሰጠኋት።

ክረምቱ አልፎ፣ አንድ ቀን ጠዋት አትክልት ገበያ ቆሜ ቲማቲም ስመርጥ መጣች። ከፊቷ አዲሷ አሠሪዋ ትሄዳለች፤ እሷ ዘንቢል ተሸክማ ትከተላለች። እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አጠገቤ ቆሙ። ዓይኗ በኔ ላይ እንደ ድንጋይ ላይ አለፈ። በዚያው ቅጽበት አንድ ሰውዬ የብረት ምድጃ የጫነ ጋሪ እየገፋ፣ መንገድ እየለመነ በመሃላችን አለፈ። አሠሪዋ ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ዳሚ የሚል ቃል ያለበት ነገር ተናገረች፤ ቃሉን ሁሉ ባልይዘውም ስድብ መሆኑን ለማወቅ ሶማሊኛ አያስፈልግም። ሻጯ ሳቀች። አጣቢያችንም ሳቀች፤ ከሁለቱም ጮክ ብላ።

ልናገር ምላሴ ተነሳ። መለስኩት። አንዱን ቲማቲም አገላብጬ አየሁት፣ ሌላ አነሳሁ። ሻጯ ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ አለችኝ። አንድ አልኳት።